ልክሽ ስንት ነው?

ታዲያላችሁ ነገሩ የተጀመረው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቡና ተፈልቶ ክብ ሠርተን በተቀመጥንበት፣ አንዷ ጓደኛችን አሜሪካ ያሉት አክስቷ የላኩላትን ቪዲዮ ስልኳ ላይ ከፈተችልን። ቦታው የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ በየጠረጴዛው ላይ የስፌት መኪና አለ፤ ከየመኪናው ኋላ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ ፈረንጅ ባልቴቶች መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አስቀምጠው ይሰፋሉ። ከመሃላቸው የጓደኛችን አክስት ቆመው አበባ አበባ ያለበት ጨርቅ በመቀስ ይቆርጣሉ። ካሜራው ሲጠጋቸው ቀና አሉና «ለአፍሪካ ልጆች የገና ስጦታ እየሰፋንላቸው ነው» አሉ፣ ኩራትም ደስታም በተቀላቀለበት ድምፅ።

ለአፍታ ዝም ተባባልን። ከዚያ ከመሃላችን ነገር የማያልፈው ልጅ «እኛ አፍሪካ አይደለንም እንዴ? ታዲያ ለምን አልደረሰንም?» አለና ቤቱን በሳቅ ሞላው።

ሳቁ ሲበርድ ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን «እንዲህ ነው እንጂ ክርስትና! እኛ እሑድ እሑድ ነጠላ አጣፍተን ከመሄድ አልፈን ምን ሠራን?» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ይኼ እኮ ያው የድሮው ነገር ነው፤ ፈረንጅ ይሰፋል፣ አፍሪካ ይለብሳል፣ ካሜራ ያነሣል» አልን። ቡናው በረካ ደርሶ እንኳ አልተስማማንም። (ቡናው መቅጠኑ ላይ ግን ሁላችንም ተስማምተናል።) ክርክሩ ሰኞም በስልክ ቀጠለ፤ ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀንም። ያልለቀቀን ለምን እንደሆነ ኋላ ላይ እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያ እነዚህ እናቶች የሚሰፉት ለምን እንደሆነ እናስረዳ። ሥራው «ኦፕሬሽን ክሪስማስ ቻይልድ» ይባላል። በ1990 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የፈረንጅ ነገር ስናወራ አቆጣጠሩም የፈረንጅ መሆኑን ያዙልን) ዌልስ ውስጥ ሬክሳም በምትባል ከተማ የሚኖሩ ሰዎች በሩማንያ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ላሉ ሕፃናት ስጦታ ሰብስበው ላኩ። የቻውሼስኩ መንግሥት ወድቆ የእነዚያ ማሳደጊያዎች ጉድ በቴሌቪዥን የታየበት ሰሞን ነበር። በ1993 «ሳማሪታንስ ፐርስ» የተባለው የአሜሪካ ክርስቲያናዊ ድርጅት ሥራውን ተረከበ። ድርጅቱን የሚመራው የታዋቂው ሰባኪ የቢሊ ግርሃም ልጅ ፍራንክሊን ግርሃም ነው። ከዚያ ወዲህ የተላከው ካርቶን ከ200 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። አዎ፣ ሁለት መቶ ሚሊዮን የጫማ ካርቶን!

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ባዶ የጫማ ካርቶን ያነሣል፤ ለወንድ ልጅ ወይስ ለሴት ልጅ ብሎ ይመርጣል፤ ከ2 እስከ 4፣ ከ5 እስከ 9፣ ከ10 እስከ 14 ካሉት የዕድሜ ክልሎች አንዱን ይይዛል፤ ካርቶኑን በአሻንጉሊት፣ በደብተርና በእርሳስ፣ በሳሙና፣ በልብስ ይሞላል። ከረሜላ አይፈቀድም፤ ጥርስ ሳሙናም፣ ፈሳሽ ነገርም፣ የጦር መሣሪያ የሚመስል መጫወቻም አይፈቀድም። ያገለገለ ዕቃም አይፈቀድም (ይህችን ሕግ ልብ በሉልን፣ እንመለስባታለን)። ለማጓጓዣ በቅርብ ዓመታት በካርቶን 10 ዶላር እንዲጨመር ይጠየቃል። ካርቶኖቹ የሚሰበሰቡት በኖቬምበር ሦስተኛ ሳምንት፣ በእኛ ኅዳር ውስጥ ነው።

ከዚህ ሰፊ ሥራ ጀርባ ታዲያ እንደ ጓደኛችን አክስት ያሉት የስፌት ማኅበርተኞች አሉ። እነሱ ኅዳርን አይጠብቁም፤ ዓመቱን ሙሉ በሳምንት አንድ ቀን ይሰበሰባሉ። ጸሎት ያደርጋሉ፣ ቡና ይጠጣሉ (ቀጭኗን የእነሱን)፣ ከዚያ መኪናው ይንጫጫል። ክሩ ሲጎተት የሚዘጋ ቦርሳ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ የእርሳስ መያዣ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ከፍ ላሉ ሴቶች ልጆች ታጥቦ የሚደገም የወር አበባ መጠበቂያ ይሠራሉ። ከሁሉም ከሁሉም የታወቀው ግን ከትራስ ልብስ የሚሰፋው ቀሚስ ነው። አንድ የትራስ ልብስ ይወሰዳል፤ የተዘጋው ጫፍ ተቆርጦ ይጣላል፤ በሁለቱም ጎን ለክንድ የሚሆን ቦታ ጎበጥ ተደርጎ ይቀደዳል፤ ከላይ ጠርዙ ይታጠፍና ሪባን ወይም ላስቲክ ይገባበታል። የታችኛው ጠርዝ ከፋብሪካ ተዘምዝሞ ስለመጣ አይነካም። አለቀ። ትንሽ የለመደች ሴት ቁጭ ብድግ ሳትል ትጨርሰዋለች። «ሊትል ድሬስስ ፎር አፍሪካ» የሚባል፣ በ2008 ሚሺጋን ውስጥ የተቋቋመ ሌላ ክርስቲያናዊ ድርጅት ደግሞ ሥራው በሙሉ ከዚህ ቀሚስ ተነሥቶ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ቀሚስ ልኳል።

ይኼን ስንሰማ ከመሃላችን አካውንቲንግ የተማረው ካልኩሌተሩን አወጣ። «10 ዶላር ዛሬ ከአንድ ሺህ ብር በላይ ነው» አለ። «ይኼ ማጓጓዣው ብቻ ነው። በዚህ ብር መርካቶ ገብቼ ለአንዲት ሕፃን ቀሚስ የሚበቃ ፖፕሊን እገዛለሁ። የካርቶኑን ውስጥ ዋጋ ስትጨምሩበት ደግሞ የሰፈር ልብስ ሰፊም እንጀራ ይበላበታል። ለምን ብሩን አይልኩትም?»

የልጁ ነገር እውነት አለው። ርዳታን የሚያጠኑ ሰዎችም ዕቃ ከመላክ ገንዘብ መላክ ይሻላል ሲሉ ዓመታት ሆኗቸዋል። ከውጭ በነፃ የሚገባ ልብስ የአገሬውን ሰፊና ሸማኔ ገበያ ይሻማል የሚለውን እኛም እናውቀዋለን፤ ያገለገለ ልብስ ወደ አገራችን ማስገባት የተከለከለውም አንድም በዚህ ነው። (ሳልቫጅ ተራ ሄዳችሁ ክልከላው እንዴት እንደሚሠራ ታዘቡ እንጂ እኛን አትጠይቁን።)

ግን አንድ ነገር አላማረንም። ያቺ የ78 ዓመት ባልቴት ማክሰኞ ጠዋት ተነሥታ መኪናዋ ላይ የምትቀመጠው ጡረታዋ ተርፏት አይደለም። ያላት ጊዜ፣ ሁለት እጅ እና ከእናቷ የተማረችው ስፌት ነው። እሱን ሰጠች። «ብሩን ለምን አይልኩም?» ብለን የምንጠይቀው እኛ ደግሞ ብሩንም ጊዜውንም አልሰጠንም። ክርክሩን ከዚህ ቦታ ሆነን ማካሄዳችን ትንሽ አሳፈረን። ከኢኮኖሚክስ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ማንበብ ባልቴት ላይ ለመሳቅ ፈቃድ አይሰጥም።

አሁን ደግሞ ነገሩ ለምን እንዳልለቀቀን እንንገራችሁ። ከመሃላችን ሦስታችን በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለን ለገና «የበጎ አድራጎት ቀን» አዘጋጀን። ከየቤታችን ልብስ ለቀምን፣ አጠብን፣ ተኮስን፣ በፌስታል በፌስታል አድርገን በበዓሉ ዋዜማ ከቅዳሴ በኋላ ለሰፈሩ ችግረኛ ልጆች አደልን። ከአንዱ አባት የተለመነች ዲጂታል ካሜራ ነበረችን፤ እያንዳንዱ ልጅ ፌስታሉን ይዞ ከእኛ ጋር ፎቶ ተነሣ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። መዝሙርም ዘመርን።

ከልጆቹ አንዷ የክፍላችን ልጅ ነበረች። የደረሳት ሮዝ ሹራብ ነው። ሹራቡን የሰጠችው ደግሞ ከሦስታችን አንዷ ናት፤ ክርኑ ላይ ተቀዶ እናቷ ቢራቢሮ የምትመስል ጨርቅ ለጥፈውበት ነበር። በዓሉ አልፎ ትምህርት ሲከፈት ልጅቷ ሹራቡን ለብሳ መጣች። የጥር ጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ። ገና ሰልፍ ላይ ሳለን አንድ ልጅ ከኋላ «እንዴ! ይቺ ቢራቢሮ የእነ እንትና አይደለች?» አለ። ሰልፉ ሳቀ። ልጅቷ ምንም አልተናገረችም። ክፍል ከመግባታችን በፊት ሹራቡን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በእጅጌ ጉርዱ ዩኒፎርም ቀኑን ዋለች። ከዚያ ቀን በኋላ ሹራቡን አላየነውም። ፎቶዋ ግን እስከ ፋሲካ ድረስ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ሹራቡን በሁለት እጇ ይዛ፣ እኛ በግራና በቀኝ ጥርሳችንን ገልጠን።

ያኔ አንዳችንም ሄደን አንገነጥለውም። ፎቶውን የገነጠለው ጊዜ ነው፤ የሕማማት መርሐ ግብር ሲለጠፍ ወረደ።

እንግዲህ «ያገለገለ ዕቃ አይፈቀድም» የምትለዋን ሕግ ልብ በሉ ያልናችሁ ለዚህ ነው። አሮጊቶቹ ለዚህች ነገር አስበውበታል። ከትራስ ልብስ የተሰፋ ቢሆንም ቀሚሱ ከዚያች ልጅ በፊት ማንም አልለበሰውም። «የእነ እንትና ነው» የሚል አይኖርም። ለማያውቋት ልጅ ብለው አዲስ ጨርቅ ቆርጠው መስፋታቸውን፣ እኛ ለክፍል ጓደኛችን የሰጠነው የተጣፈ ሹራብ አጠገብ ስናስቀምጠው ዓይናችን መሬት መሬት ያያል።

የሚጎድላቸው ግን አለ፤ እሱም ልክ ነው። ከ5 እስከ 9 ዓመት አንድ ክልል ነው ብለናችኋል። የአምስት ዓመት ልጅና የዘጠኝ ዓመት ልጅ አጠገብ ለአጠገብ አቁማችሁ እዩ እስቲ! የትራስ ቀሚስ የሚወደደው ለዚህ ነው፤ ከላይ ክር ተጎትቶ ይጠባል፣ ለሁሉም ይሆናል። ለሁሉም የሚሆን ልብስ ደግሞ ለማንም ታስቦ የተሰፋ አይመስልም። (የእኛ እናቶችም በዚህ አይታሙም፤ ለእንቁጣጣሽ ሁለት ቁጥር አስበልጠው ገዝተው «ያድግበታል» የሚሉ ናቸው። ግን ቢያንስ ማን እንደሚያድግበት ያውቁታል።) ካርቶኑ ላይ በሚለጠፍ ባርኮድ ላኪዋ ስጦታዋ የትኛው አገር እንደደረሰ ማወቅ ትችላለች። አገሩን ታውቃለች፤ ልጅቷን አታውቅም። ትከሻዋ ስፋቱ ስንት እንደሆነ፣ ሰማያዊ ትወድ እንደሆነ፣ ቀሚስ መልበስ እንደሰለቻት አታውቅም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ የተጻፈችውን ጣቢታን እዚህ ላይ ብናነሣ ሰባኪ ሆናችሁ አትበሉን። በግሪኩ ዶርቃ ትባላለች። ኢዮጴ ውስጥ ትኖር ነበር፤ ስትሞት ጴጥሮስን ከልዳ አስጠሩት፤ ሲደርስ መበለቶቹ ከበውት እያለቀሱ እሷ በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ልብስ አሳዩት። በዓለም ዙሪያ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ስፌት ማኅበራት ብዙዎቹ ስማቸውን የወሰዱት ከእሷ ነው፤ የመጀመሪያው «የዶርቃ ማኅበር» በ1834 በማን ደሴት ዳግላስ ከተማ እንደተመሠረተ ይነገራል። እኛን የገረመን አንድ ነገር ነው። ስለ ጣቢታ ሰዎች የመሰከሩት በቁጥር አይደለም፤ ይህን ያህል ቀሚስ ሰፋች የሚል የለም። መበለቶቹ ልብሱን ይዘው መጡ። አብራቸው የኖረች ሴት ናት፤ ማን ቀጭን ማን ወፍራም እንደሆነች፣ የማን እጅጌ ቶሎ እንደሚያልቅ ታውቅ ነበር ብለን እንገምታለን። ግምቱ የእኛ ነው፤ መጽሐፉ አይልም።

ስለ ሃይማኖት ከተነሣ አይቀር፣ ከመሃላችን ሙስሊም የሆነው ጓደኛችን አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «ካርቶኑ ጋር የወንጌል መጽሐፍ ይሰጣል አይደል? ለእኔ እህት ቢደርሳት ምን ትላለች?» አለ። ይሰጣል። ልጆቹ የስጦታ ካርቶኑን ሲቀበሉ ወንጌል ይነገራቸዋል፣ ጽሑፍም ይታደላል፤ በኋላ ደግሞ ለፈለገ 12 ትምህርት ያለው ኮርስ አለ። ድርጅቱ ስጦታው ያለ ምንም ግዴታ እንደሚሰጥ ይናገራል፤ ዓላማው ወንጌል ማድረስ መሆኑንም አይደብቅም። በእንግሊዝ አገር ፍራንክሊን ግርሃም ከ2001 በኋላ ስለ እስልምና በተናገረው ንግግር ምክንያት በዚህ ካርቶን ላይ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር።

ጉዳዩ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። «በስንዴና በዘይት ሃይማኖት ያስለውጣሉ» የሚለውን ክስ ያልሰማ የለም፤ እውነትም ይሁን ሐሜት ብዙ ሰፈር አጣልቷል። በዚህ ላይ እኛ እርስ በርሳችን አልተስማማንም። አንደኛው «ሰው የሚያምነውን ቢናገር ምን ነውር አለው?» ይላል። ሌላዋ «የስምንት ዓመት ልጅ አሻንጉሊት እያሳየህ ስለ እምነት አታወራትም፤ የምትሰማው አሻንጉሊቱን ነው» ትላለች። ብዙዎቻችን ወደ እሷ አዘነበልን። ባልቴቶቹ ጨርቁ ላይ እጃቸውን ጭነው የማያውቋት ልጅ ስም በሌለበት ጸሎት ማድረጋቸው ግን አላስከፋንም፤ ሙስሊሙ ጓደኛችንም «ዱዓ አልቃወምም» ብሏል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ቪዲዮውን ደጋግመን ስናይ የጓደኛችን አክስት የነገሩን። ካርቶኑን የሚሞሉት ሰዎች አጭር ደብዳቤና የራሳቸውን ፎቶ እንዲያስገቡ ይበረታታሉ። አስቡት! እኛ ሰሌዳ ላይ የለጠፍነው የተቀባይዋን ፎቶ ነው፤ እዚያ ፎቶዋን አውጥታ የምትሰጠው ሰጪዋ ናት። እንዲህ ነኝ፣ ቤቴ ይህ ነው፣ ድመቴ ይቺ ናት እያለች። በእርግጥ ድርጅቶቹም የሚስቁ ልጆች ፎቶ ያሳትማሉ፤ ያንን አናድበሰብስም። ግን ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ፎቶ ወደድናት። የእኛ አገር በጎ አድራጊዎች (አዎ፣ ዛሬ በቲክቶክ ስልክ ደግነው እናትን የሚያስለቅሱትን ማለታችን ነው) ለአንድ ዓመት ያህል የራሳቸውን ፎቶ እየሰጡ የሰውን ፎቶ ባያነሡ ምን ይላቸዋል?

እሺ፣ ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትሉት? ትሉን ይሆናል።

ስፌት የችግረኛን ልጅ ሕይወት በእውነት ሊለውጥ እንደሚችል እዚሁ አገራችን ታይቷል። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ታጥቦ የሚደገም የወር አበባ መጠበቂያ የሚሰፋበት ፋብሪካ አቋቁማለች፤ በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ የተሸለመችውም በዚሁ ነው። የእሷ በጎ ፈቃድ ማኅበር ሳይሆን ሥራ ነው፣ ሴቶች ደመወዝ ይበሉበታል። ግን የተነሣችው ሴት ልጅ በየወሩ ከትምህርት ቤት የምትቀርበትን ምክንያት ከማወቅ ነው፤ ራሷም በልጅነቷ ያለፈችበት ነገር ስለሆነ መጠየቅም አላስፈለጋትም። ልክ ማወቅ ያልነው ይህንንም ይጨምራል። አዲስ አበባ ውስጥም ቢሆን ነገር ተቀይሯል፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ዩኒፎርም በነፃ ማደል ጀምሯል። ስለዚህ «ዩኒፎርም እንስፋላቸው» ብሎ በድሮ ካርታ መነሣት ያው ልክ ሳይለኩ መቁረጥ ነው። እኛ የጠየቅናት አንዲት መምህር «ዩኒፎርሙ አለ፤ የበዓል ልብስ ነው የሌላቸው» አለችን። እንቁጣጣሽ ዕለት አበባ ስለው የማይወጡት ለምን እንደሆነ የነገረችንም እሷ ናት፤ በዚያ ቀን ዩኒፎርም ለብሶ መውጣት ያሳፍራል።

እኛ ታዲያ ሰፈራችን በረንዳ ላይ ሲንጀራቸውን ተክለው ከሚሠሩት ልብስ ሰፊ ጋር ተነጋገርን። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንደማንኛውም ደንበኛ ትመጣለች። ከሦስት ዓይነት ጨርቅ የወደደችውን ትመርጣለች። ሜትር ተይዞ ትለካለች፤ እጅጌው እስከዚህ ይሁን፣ አንገቱ እንዲህ ይሁን ትላለች። ከሳምንት በኋላ መጥታ ትወስዳለች። ሒሳቡ ተከፍሏል ይባላል፣ ሌላ አይባልም። ልጆቹን የምትጠቁመን መምህሯ ናት፤ እኛ አናያቸውም፣ ስማቸውንም አንጠይቅም። ሰፊው መጀመሪያ «ደግሞ ምን ዓይነት ሥውር ሥራ ነው?» ብለው ጠርጥረውን ነበር፤ ቀብድ ስንከፍል ተረጋጉ።

አሠራሩ እንከን እንዳለው እናውቃለን። በሰፈር ውስጥ ምሥጢር አይቆይም፤ ሰፊውም ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው። በ200 ሚሊዮን ካርቶን አጠገብ የእኛ ሰባት ልጆች ቁጥር አይባሉም። ገጠር ላለች፣ ሰፊም መምህርም በአቅራቢያዋ ለሌላት ልጅ ይህ ዘዴ ምንም አያደርግላትም፤ ለእሷ ምናልባት ካርቶኑ ይሻላል። «ካርቶኑ ይጥፋ» የሚል ሰው ከመሃላችን ነበረ፤ አሁን አይልም።

ባለፈው ሳምንት ይህን ሁሉ ለጓደኛችን አክስት በስልክ ነገርናቸው። ይቀየማሉ ብለን ፈርተን ነበር። ዝም ብለው አዳመጡንና ስለ ልጆቹ ሳይሆን ስለ ራሳቸው ነገሩን። ሃያ ዓመት የሌሊት ሽፍት ሠርተዋል። ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ናቸው። በሳምንት ውስጥ ሰው በስማቸው የሚጠራቸው ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ስማቸውን አጣመው። «እኔ እዚያ የምሄደው ለአፍሪካ ልጆች ብዬ ብቻ ይመስላችኋል?» አሉን። ለካ ያ ማኅበር ለእሳቸው እንደ ጽዋ ማኅበር፣ እንደ እድርም ነው። ይኼን በክርክራችን መሃል አንዳችንም አላሰብነውም ነበር።

ከዚያ ትንሽ ቆዩና «በሉ የአንዷን ልጅ ልክ ላኩልኝ» አሉ። «ለፋሲካ የሚመጣ ሰው አለ፣ እልካለሁ።»

ሰፊው ዘንድ ሄድንና አንዱን ልክ ገልብጠው እንዲሰጡን ጠየቅን። «ደግሞ ከአሜሪካ ተፎካካሪ አመጣችሁብኝ?» ብለው አጉረመረሙ፤ ግን ደብተራቸውን ገልጠው በትንሽ ወረቀት ጻፉልን። ደረት 62፣ ወገብ 58፣ ርዝመት 70። ከታች ደግሞ «ኪስ ሁለት፣ ጠለቅ ያለ» ይላል። ምን ልትከትበት እንደሆነ ሰፊውን ብንጠይቃቸው «እኔም ጠይቄያት ነበር፤ እጄን ነው አለችኝ» አሉን።

ወረቀቱን ፎቶ አንሥተን ላክንላቸው። አክስት ያን ምሽቱን መልሰው የጻፉት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ቀለሙ ምን ይሁን? ልጅቷ ቀለም ስትመርጥ አልነበርንም፤ ነገ ጠዋት ሰፊው በረንዳቸውን ሲከፍቱ ሄደን እንጠይቃለን።